ዕድሮቻችን ኢንተርኔት ያስገቡ፦ ለደብረ ብርሃን ሰዎች የቀረበ ጥሪ

የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለፈተና የምታዘጋጁ እናቶችና አባቶች፣ በዩኒቨርሲቲያችን የምትማሩ ወጣቶች፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ የደብረ ብርሃን ዕድር በአዳራሹ ወይም በዕቃ ቤቱ አንድ መደበኛ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ። ከመስመሩ ጎን ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚሠራ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ያቁም። በሩንም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይክፈት።

ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው። ውጤት የሚታየው በኢንተርኔት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚታወቀው በኢንተርኔት ነው። በዚህ ላይ ውጤቱን አስታውሱ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣው የኢንተርኔት እጦት ነው አልልም። የመምህር እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ፣ ሳይበላ ክፍል የሚገባ ልጅ አለ። ነገር ግን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ ልጆቻችን መጽሐፋቸውን በሶፍት ኮፒ አውርዱ ተባሉ። መጽሐፉ በሶፍት ኮፒ ተለቀቀ ማለት ስልክ ለሌላት ልጅ አልተለቀቀም ማለት ነው። አንድ የአባት ስልክ ለሦስት ልጅ በሚዳረስበት ቤት ደግሞ ታላቁ ሲያነብ ታናሿ ተራ ትጠብቃለች፤ ተራዋ ሲደርስ ፓኬጁ አልቋል።

ፓኬጅ ካልን፣ ገንዘባችን የት እየሄደ እንደሆነ እንይ። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው የቀን፣ የሳምንት፣ የወር ፓኬጅ ይገዛል። ትንሹ ጥቅል ደግሞ ሁልጊዜ ውዱ ነው፤ በችርቻሮ የሚገዛ ድሃ በጅምላ ከሚገዛ ሀብታም የበለጠ ይከፍላል። ጥቅሉ አንድ የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ እንኳ ሳያስጨርስ ያልቃል። 150 አባላት ያሉት ዕድር እያንዳንዱ አባል በወር 30 ብር ቢጨምር በወር 4,500 ብር፣ በዓመት 54,000 ብር ይሰበሰባል። ይህ ገንዘብ በየቤቱ ተበትኖ ሲወጣ ማንም አያየውም። አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን ቴሌኮም ቢሮ ሄዶ ውል የሚፈርም አቅም ይሆናል።

መስመሩ ከእኛ ርቆ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ጥሪዬ ለመንግሥት በሆነ ነበር። ግን አይደለም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ ሁለት የቴሌኮም ኩባንያዎች አሏት። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በደሴ መንገድ ዳር ያለች ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባንኮች ተደርድረዋል። እነዚህ ሁሉ በመስመር ይሠራሉ። ከባንኩ ጀርባ ባለው መንደር የምትኖረው ተማሪ ግን የዕለት ካርድ ስትሞላ ትኖራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ እሱን የሚሞላ ተቋም ነው የሚያስፈልገን።

ተቋሙስ አለን! በየትኛውም ሰፈር ሰው ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጡሩንባ ይነፋል። ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ድስትና ሰሃን ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ ማን እንደሚያድር ማን ምግብ እንደሚያመጣ ሳይነጋገሩ ይታወቃል። የቀረ ይቀጣል። ሒሳቡ በደብተር ይያዛል፤ ገንዘብ ያዡ ሳንቲም ቢያጎድል ጠያቂው ብዙ ነው። ደንብ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ስንትና ስንት ፕሮጀክት ከውጭ መጥቶ የበላውን በልቶ ሲሄድ ዕድራችን ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆሟል። ይህን የመሰለ መተማመን ያለው ሕዝብ አንድ ራውተር ማስተዳደር አይችልም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ለሞታችን እንዲህ የተደራጀን ሰዎች ለልጆቻችን ትምህርት በዚያው ደብተር አንድ ዓምድ እንጨምር ነው የምለው።

ሌሎች ከዚህ የከበደውን ሠርተዋል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር ገጠር፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፈጣን መስመር ሊዘረጉላቸው ያልፈለጉ መንደሮች ነበሩ፤ ቤቶቹ የተራራቁ ስለሆኑ ትርፍ አያስገኙም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ባርን (B4RN) የሚባል የራሳቸውን የኅብረተሰብ ድርጅት አቋቋሙ። ገንዘቡን ያገኙት አክሲዮን ለራሳቸው በመሸጥ ነው። ገበሬው በማሳው ፋይበሩ እንዲያልፍ ያለ ክፍያ ፈቀደ፤ ትራክተር ያለው በትራክተሩ፣ የሌለው በአካፋው ቦይ ቆፈረ፤ የቆፈረም ለድካሙ አክሲዮን ተሰጠው። ሥራው ሲያልቅ እነዚያ የበግና የላም መንደሮች ለንደን ውስጥ ካሉ ብዙ ቤቶች የፈጠነ ኢንተርኔት ኖራቸው። እኛ ይህን ዓይነቱን ሥራ ደቦ እንለዋለን፤ አጨዳና ጎጆ ሥራ ላይ ስናውለው ኖረናል።

ያ የሀብታም አገር ነው ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ወደ አፍሪካ እንምጣ። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ውስጥ ማንኮሲ የሚባል አካባቢ አለ። መብራት ያልደረሳቸው ቤቶች የበዙበት፣ ሰዉ ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ ገንዘብ የሚከፍልበት ቦታ ነው። ከዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ራሳቸው በመረጧቸው ቤቶች ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የዋይፋይ ጣቢያዎችን ተከሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ዜንዜሌኒ የሚል ስም ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር አስመዘገቡ። በዚያው በፀሐይ ኃይል የጎረቤቱን ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ለማኅበሩ ገቢ አገኙ፤ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ከፈቃድ ግዴታ ነፃ የሚያደርጋቸውን ሕጋዊ ሰነድ ጠይቀው ወሰዱ። እኛ ከእነሱ የምንሻልበት ብዙ ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲው እንኳ እዚሁ ከእኛ ጋር ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማምንበት ክፍል ልምጣ፤ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራው ቤተ መጻሕፍት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ እንደነበር ማንም አልረሳም። ለፈተና የሚዘጋጀው ልጅ ያኔ ምን ይዞ ነበር? መስመር ነገም ሊቋረጥ ይችላል፤ መብራትም ይጠፋል። አንድ ጊዜ ወርዶ ሰፈር ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ ግን አይቋረጥም። ራስቤሪ ፓይ የምትባል በእጅ መዳፍ የምትያዝ ኮምፒውተር አለች። አንድ በቂ መጠን ያለው ሚሞሪ ካርድ ሲገባባትና የዋይፋይ ምልክት እንድታሰራጭ ሲደረግ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ያለ ካርድና ያለ ዳታ ከእሷ ማንበብ ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን እንዳለ ያስቀምጥላችኋል፤ የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም፣ 15,000 ገደማ ጽሑፎች ያሉት የአማርኛው ደግሞ ጥቂት ቦታ ነው የሚወስደው። ኮሊብሪ የተባለው ሌላው ነፃ ፕሮግራም የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች ይይዛል። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ የኤሌክትሪክ ዑደትንና የኬሚካል ውህደትን በስክሪን የሚሞክርባቸው ፌት የተባሉ ማሳያዎችም አሉ። በላያቸው ላይ የትምህርት ሚኒስቴርን መጻሕፍት ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን፣ የራሳችን መምህራን ያዘጋጇቸውን ማስታወሻዎች ጨምሩባቸው። ይህን ሁሉ ማውረድ አንድ ጊዜ በጥሩ መስመር የሚሠራ ሥራ ነው። የአንዱ ዕድር ካርድ ለሌላው ይገለበጣል፤ አሥረኛው ዕድር ለማውረድ አንድ ሳንቲም አያወጣም።

ስለ መብራትም ብዙ አንጨነቅ። አብዛኛው ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ባትሪ ካለ መብራት ጠፍቶም ያመሻል። የከተማችን ሰማይ በክረምት ቢጨፍንም በጋው ረጅም ነው።

ሽማግሌዎቻችን የሚያነሱትን ሥጋት አውቃለሁ፤ ልጆቹ ይበላሻሉ፣ ያልተገባ ነገር ያያሉ ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህም ነው ዕድሩን የምመርጠው። ልጅ ብቻውን በር ዘግቶ በስልኩ ከሚያየው ይልቅ፣ በሰፈሩ አዳራሽ፣ ሰዎች ባሉበት፣ ሰዓትና ደንብ ተወስኖለት የሚያየው ይሻላል። ራውተሩ ላይ የማይፈለጉ ገጾችን መዝጋት ይቻላል፤ ይህን የሚያደርግ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ለተማሪ ይሁን። ሴት ልጆች ሳይጋፉና ሳይመሽባቸው የሚጠቀሙበት የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው፤ ይህ በደንቡ ካልተጻፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉን ወንዶቹ ብቻቸውን ይይዙታል፤ አስቀድመን እናስብበት። የተጠቃሚ መዝገብ ይያዝ።

ሕጉንም እናክብር። ውሉ በዕድሩ ስም ይሁን፤ በአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ ሰውየው የሄደ ዕለት መስመሩም አብሮት ይሄዳል። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት አገልግሎቱን ለሌላ መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኛም ነጋዴ ልንሆን አልተነሣንም። ሆኖም ዕድሮቹ አንድ ላይ ሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ይዘው ይሥሩ። አንድ ዕድር ብቻውን ሲጠይቅና ሃያ ዕድር አንድ ላይ ማኅተም አድርጎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ አይሆንም። ለዋጋ ድርድርም እንዲሁ ነው።

ክፍሉ የተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሰሜን ሸዋ ወደ ሪያድና ወደ ቤይሩት የሄዱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። እናቶቻቸው ፊታቸውን በኢሞ ለማየት የጎረቤት ልጅ ስልክ ይለምናሉ፤ ምስሉ ሲቆራረጥባቸው ልጄ ታማ ነው ወይ ብለው ያድራሉ። በሳምንት አንድ ማታ የእናቶች ይሁን። በቴሌብር ገንዘብ መላክ፣ የምስጢር ቁጥርን ለማንም አለመንገር፣ ሽልማት ደርሶሃል ብሎ የሚደውል አጭበርባሪን ማወቅ፣ እነዚህን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለአያቷ ልታስተምር ትችላለች፤ ዕድሩ ወንበሩንና ሰዓቱን ይስጣት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው ከተማችን ውስጥ በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች አሉ። የዕድር አባል አይደሉም፣ መዋጮ የላቸውም። በሩ ለእነሱ ያለ ጥያቄ ይከፈት። ቤቱን ያጣ ልጅ ትምህርቱንም እንዲያጣ ማየት የደብረ ብርሃን ሰው ወግ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ተማሪዎችና መምህራን፣ በየሰፈሩ አንድ አንድ ዕድር ተካፍላችሁ መስመሩን ዘርጉ፣ ካርዱን አዘጋጁ፣ ሁለት ሁለት ወጣት አሠልጥኑ። ዋሽንግተን፣ ለንደንና ጀርመን ያላችሁ የከተማው ልጆች፣ ቢሮአችሁ የጣለውን ላፕቶፕ አትናቁት፤ ለእረፍት ስትመጡ አንድ አንድ ይዛችሁ ግቡ፤ ለማን እንደደረሰ ከዕድሩ ደብተር ታያላችሁ። ነጋዴዎች፣ የአንድ ዕድር የአንድ ዓመት መስመር ክፍያ ለአንዳችሁ የሚከብድ አይደለም።

የዕድር ዳኞች ሆይ፣ በሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባችሁ አጀንዳ ያዙልን። አባላቱ ድምፅ ይስጡ፤ ሦስት ሰው ይመረጥ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ አንዱ ደግሞ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ወደ ሁለቱም የቴሌኮም ቢሮዎች ሄደው የመስመሩን ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከአጎራባች ዕድሮች ጋር ተገናኝተው የጋራ ደብዳቤ ያዘጋጁ፤ በቀጣዩ ወር ለአባላት ያቅርቡ። ጸሐፊው ዛሬውኑ በአጀንዳው ይመዝግበው።