ከ48ቱ 44 ያገኙት እናት

የጉልበት መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ ውጤቱ በምን ይለካል? ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን የምንጠራው ኤክስሬይንና ጎኒዮሜትርን ነው። ብረቱ ቦታው ላይ ነው፣ ጉልበቱ ይሄን ያህል ዲግሪ ታጥፏል፣ በቃ። ታካሚው ግን ዲግሪ ይዞ አይደለም ቤቱ የሚገባው።

ለዚህ ከተዘጋጁት መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኦክስፎርድ የጉልበት መለኪያ ነው። 12 ጥያቄዎች አሉት፤ አሁን በተለመደው አቆጣጠር እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይታሰብና ድምሩ ከ48 ይያዛል። መልሱን የሚሰጠው ሐኪሙ ሳይሆን ታካሚው ራሱ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 መጠይቁን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከ6 ወር በኋላ በአገር ደረጃ ማስሞላት ጀምራለች። «በፊት» የሚለው ይሰመርበት! መነሻው ካልታወቀ ለውጡን ከየት እናመጣዋለን?

እኔን የሚከነክነኝ ድምሩ ነው። አንዱ ጥያቄ ተንበርክኮ መነሳት መቻልን ይመለከታል። አንዲት እናት በ11ዱ ሙሉ ነጥብ፣ በዚህኛው 0 ቢያገኙ ውጤታቸው 44 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ እጅግ ጥሩ ነው። እኚህ እናት ግን በሁዳዴ ስግደት የማይቀርባቸው፣ ወይም በቀን አምስት ጊዜ ግንባራቸውን ምንጣፍ የሚያስነኩ ቢሆኑስ? እርግጥ ነው፣ አቅም ላጣ ሰው ቆሞም ሆነ ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ ይፈቀድለታል። ቅር ማለት አለማለታቸውን የሚያውቁት ግን እሳቸው እንጂ 44 አይደለም።

ቁጢጥ ማለትማ ጭራሽ አልተጠየቀም። የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ለሚጠቀም ሰው ይህ የየዕለት ጣጣ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላቱም እንዲሁ።

መጠይቁን እንዳሻን እንለውጠው ማለቴ አይደለም፤ ከነካካነው ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማነጻጸር አይቻልም። 12ቱ እንዳሉ ይሞሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ርዕስ የምትመርጡ ጓደኞቼ ግን በሌላ ገጽ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፤ ነጥቡን ከድምሩ ጋር አትቀላቅሉት። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም «በዚህ ጉልበት ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁና በራሳቸው ቃል ጻፉት።

የመንበርከክ 0 ሁልጊዜ የጉልበቱ ጥፋት አይደለም። «ብረቱ ይሰበራል» ብለው ፈርተው ጭራሽ ያልሞከሩ አሉ፤ መሞከር ይችሉ እንደሆነ የነገራቸውም የለም። እዚህ ላይ ነው የፊዚዮቴራፒስቱ ሥራ የሚጀምረው፤ ድምሩን ብቻ ያየ ግን 44 አንብቦ ካርዱን ይዘጋል።