እንቁላሉ ገበያ ሲሄድ ለልጁ ምን ቀረ?

ዛሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ አላወራም፤ ስለ ልጆቻችን ሳህን ነው።

በገበያ ቀን ማለዳ ከደምቢያ ወደ አዘዞ በሚያስገባው መንገድ ዳር ቁሙና እዩ። እንቁላሉ በጭድ መሃል ተደርድሮ በቅርጫት፣ ዶሮዋ እግሯ ታስሮ፣ ቅቤው በቅል ሆኖ ወደ ከተማ ይገባል። ማታ ጨው፣ ቡናና ሳሙና ይመለሳል። ይህን አልነቅፍም፤ ደብተሩም እርሳሱም የሚገዛው ከዚያው ነው። ግን ቤት ውስጥ የአንድ ዓመት ልጅ ካለ፣ ከዚያ ቅርጫት ስንቱ ለሱ ቀረ?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። እህል ለሌላው የሚተርፍ ክልል ነው እንግዲህ!

ልጁ ሲከሳ እናቱን ጠርተን እናስተምራለን። ትምህርቱ ደግ ነው፤ ግን ብዙዎቹ እናቶች ያውቁታል እኮ። ጠይቋቸው፤ «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ» ይሏችኋል። ችግሩ ቤት ሲገቡ ነው። አማት «ሆዱ ገና ነው፣ ወፍራም አይችልም» ትላለች፤ አባት እንቁላሉን ለገበያ ቆጥሮታል። እኔ የምለው፣ አባትና አያት ያልተቀመጡበት የአመጋገብ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

ጾሙም አለ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም የጾሙ ድስት በፍስክ እንዳይነካ ሲባል ልጁም አብሮ ይጾማል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዩለት፣ በቃ። የንስሐ አባቶች ይህን በየቤቱ ቢናገሩ ከእኔ መቶ ቃል ይበልጣል።

ገንፎውን በተመለከተ፣ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ጤፍ ካላችሁ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቆልታችሁና ከክታችሁ አብራችሁ አስፈጩ። ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል የሚፈስ መሆን የለበትም። የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። የደቀቀ ጎመን ወይም ዱባና ትንሽ ዘይት ይግባበት፤ እንቁላል ካለ ደግሞ ተመትቶ አብሮ ይብሰል። ታዲያ ይህ ሁሉ ላልታመመ ልጅ ነው። ከስድስት ወር በላይ ሆኖ ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ማለትም መለኪያው ቀይ ያሳየበት ልጅ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እዚያ የሚሰጠው ፕላምፒነትም መድኃኒት ስለሆነ ለታላላቆቹ አይካፈልም፣ አይሸጥም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአበሻ ዶሮ በዓመት 50 እንቁላል ብትጥል፣ አራት ዶሮ ያለው ቤት 200 ያገኛል። ለልጁ በሳምንት ሁለት ቢቀርለት 104 ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ነው። ቀሪው ለመታቀፊያም ለገበያም ሊሆን ነው። ለድሃ ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ «ለልጅሽ እንቁላል ስጪ» ብሎ መሄድ ብቻውን አያምርብንም።

እኛ የግብርና ሰዎችም አለንበት። ዶሮ ስናከፋፍል «ስንት ሸጣችሁ?» ብለን መዝግበናል፤ «ልጁ ስንት በላ?» ብለን ግን አልጠየቅንም። የሌማት ትሩፋት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዶሮን ወደየደጃፉ እያመጣ ነው፤ አጋጣሚው ጥሩ ነው። በየቀበሌው የቄብ ዶሮ ተቀባዮች ስም ሲጻፍ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤት ይቅደም። ሲረከቡም ባልና ሚስት አብረው ይምጡ፤ በሳምንት ስንቱ ለልጁ እንደሚቀር እዚያው ፊት ለፊት ይነጋገሩ። እናንተም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይህን ጠይቁ፤ የልማት ሠራተኛው ዝም ካለ ደግማችሁ ጠይቁት። እኔንም ጭምር።