ጥየቃ ነው ወይስ ለቅሶ?

በዚህ በቶሮንቶ አንድ ወገናችን የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት ሲባል የምናደርገውን ታውቀዋለህ። ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ቤቱ ይሞላል። ብርቱካኑና ድፎ ዳቦው ይደረደራል፤ ቡናው እስከ በረካው ይፈላል፤ ባለቤቱ ሕመምተኛዋን ትታ እንግዳ ስታስተናግድ ይመሻል። «እገሌም እንዲሁ ተደርጎለት ወር ሳይሞላው አረፈ» ብሎ ወሬ የሚጀምርም ከመካከላችን አይጠፋም። ሳምንት ያህል እንዲህ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚደውልም የለ።

አንተ ይህን ጥየቃ ትለው ይሆናል። እኔ ግን ለቅሶ እለዋለሁ፤ ባለ ነፍሱ ተቀምጦ የሚያየው ለቅሶ!

እስቲ የሰውየውን ሁኔታ እንመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ለጊዜው ቆሞ፣ ደሙን መሣሪያ ሲያዘዋውርለት የቆየ ሰው ነው። በብረት ሽቦ የታሰረው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ከባድ ዕቃ አያነሣም። እንደኔ ታክሲ ነጂ ከሆነማ ወደ መሪው ለመመለስ 3 ወር ገደማ መጠበቅ አለበት፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ሦስት ወር አይታገሥም። እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣበታል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ከአምስት ሕመምተኞች አንዱ ያህል ከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚይዘው ሐኪሞች ያውቁታል። እንዲህ የሆነ ሰው መድኃኒቱን ይዘነጋል፤ ከአልጋ መውረድ ያስጠላዋል፤ የተጠገነው ልብም በዚሁ ይጎዳል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው።

እኛስ ምን እንላለን? «እግዚአብሔር አትርፎህ ምን ጎደለህ?» ሐዘኑን ምስጋና ቢስነት አድርገን ስንቆጥርበት ሰውየው አፉን ይዘጋል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብም የምታስተረጉምለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ናት። የትኛው ሐበሻ አባት ነው በልጁ አንደበት «ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ» የሚል? «ደኅና ነው በዪው» ብሎ ይወጣል። ሆስፒታሎቹ እኮ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ደግሞም «አትነሣ፣ የልብ ነገር ነው» እያልን አልጋ ላይ እናስቀረዋለን። በ1973 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቴረንስ ካቫና የተባሉ የዚሁ ከተማ ሐኪም ከልብ ሕመም የተረፉ 7 ሰዎችን አሠልጥነው የቦስተንን ማራቶን አስጨርሰዋል። እኛ የአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች ግን ሕመምተኛችንን እስከ መንገዱ ማዕዘን እንዳይራመድ እንከለክላለን! በዚህ ከተማ ሐኪም ሲልክ የሚገባበት የልብ ማገገሚያ አለ። በልክ መራመድን ያስተምራል፤ ደረቱ እንደሱ የተከፈተ ሰውም ያገኝበታል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከኛ ብርቱካን ይበልጣል።

«ጥየቃ ባህላችን ነው፤ ፈረንጁ ብቻውን ነው የሚማቅቀው» የሚለኝ አይጠፋም። ባህሉንማ ማን ይጠላል? እኔ የምጣላው ከጊዜው ጋር ነው። አስተማሪ ሳለሁ ዓመቱን ሙሉ ደብተር ሳይገልጥ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሲያጠና የሚያድር ተማሪ ሞልቶ ነበር።

እድሮቻችን ለቀብር ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ደግ ነው። ለተረፈውም ተራ ያውጡለት። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤተሰቡን እናሳርፍ። ከአራተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ግን በየሳምንቱ ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ አብሮት የሚራመድ፣ አንዱ ወደ ማገገሚያው በመኪና የሚያደርሰው። ፈረቃ መቀያየር ለታክሲ ነጂ አይጠፋውም። የኔ ማክሰኞ ጠዋት ክፍት ነው።