ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

የአረጋውያን መጦሪያ የሚጎበኝ እንግዳ አልጋውን፣ ብርድ ልብሱንና ወጥ ቤቱን አይቶ ይመለሳል። እኔ ግን የመጦሪያ ደኅንነት የሚለካው ሌሊት፣ አንዲት ባልቴት ከአልጋቸው ተነሥተው ሽንት ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ባለው መንገድ ነው እላለሁ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ባየሁት አንድ መጦሪያ፣ ከመኝታ ክፍሉ አንሥቶ እስከ ደጁ ያለው ግድግዳ በወገብ ልክ ጠቁሯል። ያጠቆረው በየሌሊቱ የሚደገፈው እጅ ነው። ደጁ ላይ ጥቁረቱ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያዝ ነገር የለም፤ ሁለት ደረጃ ተወርዶ እርጥብ ሊሾ ይረገጣል። አንዲት እማሆይን «ሌሊት እንዴት ይሆናሉ?» ብላቸው፣ «እኔስ ልጄ፣ ከመሸ ውኃ አልቀምስም» አሉኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ይከነክነኛል። መንገዱን ፈርቶ ውኃ የሚተው አረጋዊ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ያዞረዋል፣ ማዞሩም ያንኑ የፈራውን መውደቅ ያመጣበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል፤ ከሁሉ የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ የጭን አጥንት የተሰበረ አረጋዊ ብዙ ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥቂቱ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አልጋው ሲቀመጡበት እግር መሬት የሚያስረግጥ፣ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ይሁን፤ ከሆስፒታል የሚለገሱት ረጃጅም የብረት አልጋዎች ለአረጋዊ አይሆኑም። የበሩ ደፍ ይነሣ። መያዣ ብረቱ ያ የጠቆረው መስመር ላይ ይመታ፤ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ግን ብረቱ ይነቀላልና ከቋሚው እንጨት ጋር ይታሰር። ጉልበቱ የደከመ ሰው ቁጢጥ ብሎ መነሣት ስለማይችል፣ መሐሉ ተበስቶ ከጉድጓዱ በላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ወንበር ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የወደቀው ሰው ራሱ በሩን ይዘጋዋል፣ የሚያነሣውም አይገባም። የዓይን ሞራ ላስቸገራቸው የደረጃው ጠርዝ በነጭ ቀለም ይቀባ፤ መብራት በሄደ ጊዜም የሚበራ የሶላር አምፖል ይኑር።

ብርዱም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከዚያ እጅግ ከፍ ይላሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ክፍል ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበት መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው አግዳሚ ሊኖረው ይገባል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መግቢያና መጸዳጃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዞ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲመድብ ያስገድዳል። ባለሙያውም ከደጃችን አለ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ሰው በቤቱ ውስጥ እንዴት ሳይወድቅ እንደሚኖር ማጥናት ሥራቸው ነው።

የሕዝቡ ልግስናም አያጠራጥርም። ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ውስጥ ለመሠረተው የመቄዶንያ አረጋውያን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም የጎረፈውን አይተናል። ያ ቸርነት ጎንደርም አለ፤ በግና ጤፍ ተይዞ በየበዓሉ ይመጣል። እኔ የምለምነው ለሚቀጥለው በዓል ከምግቡ ጋር አንድ አናጢና አንድ ብየዳ ሠራተኛ ይዛችሁ እንድትመጡ ነው። አዲስ መጦሪያ ለመሥራት ያሰባችሁም፣ ፕላኑን ከማጽደቃችሁ በፊት ሐንዲሱ አንድ ሌሊት ነባር መጦሪያ ውስጥ ይደር፤ አረጋውያኑ ሲነሡ አብሮ ይነሣ፣ እጃቸው የት እንደሚያርፍ ይይ።