«ዝም ብለህ ያዘው» እስከ መቼ?

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ቤት ሄጄ ሳለ አስረኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አንቺ እኮ ኮሌጅ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ፎርማልዴሃይድ ላይ ካርቦንና ኦክስጅን መሀል ለምንድነው ሁለት መስመር ያለው?» ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ? «እንደዛ ነው የሚሳለው፤ ዝም ብለህ ያዘው!» እሱም «እሺ» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «እሺ» ናት። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይስላል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ መልሰን እንስላለን። በኋላ ሶሻል ስንገባ «ከኬሚስትሪ ተገላገልን» ብለን ጨፈርን።

በማግስቱ አፍሬ የድሮ መጽሐፌን አወጣሁ። አሜሪካዊው ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጣው ዘዴ ለካ ከሥዕል ይልቅ ሂሳብ ነው፤ ያውም መደመር! ካርቦን 4፣ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ፣ ኦክስጅን 6 የውጭ ኤሌክትሮን ያመጣሉ፤ ድምሩ 12። ካርቦንን መሀል አድርጋችሁ ከሦስቱ ጋር በአንድ አንድ መስመር አገናኙት። አንዱ መስመር 2 ኤሌክትሮን ስለሚወስድ 6 ሄደ። የቀረውን 6 በነጥብ ኦክስጅን ዙሪያ አስፍሩት። አሁን ቁጠሩ፦ ኦክስጅን 8 ሞልቶለታል፣ ካርቦን ግን 6 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ኦክስጅን ከያዛቸው ጥንዶች አንዱ ወደ መሀል ይመጣና የጋራ ይሆናል። ሁለተኛው መስመር ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር!

ሽምደዳው የማያሳየው ሌላም ነገር አለ። 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ውሰዱ፤ ድምሩ 20 ኤሌክትሮን። ኦክስጅኑን በካርቦንና በሃይድሮጅን መሀል ብታስገቡት ኤታኖል ይሆናል፤ አረቄ ውስጥ ያለው፣ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው። በሁለቱ ካርቦኖች መሀል ብታስገቡት ግን ዳይሜትል ኢተር ነው፤ ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ጋዝ። ቆጠራው አንድ፣ ነገሩ ሌላ።

«ለጋዜጠኛ ምን ይሠራለታል?» የሚለኝ የክፍል ጓደኛ አይጠፋም። ከኤታኖል አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ቢቀነስ ሜታኖል ይሆናል፤ ዓይን የሚያጠፋ፣ የሚገድልም መርዝ። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሪፖርተር በተመረዘ መጠጥ ሰው ሞተ ሲባል ሐኪሙን ምን ብሎ ሊጠይቅ ነው?

መምህራን ጊዜ የላቸውም፣ ክፍሉም ሞልቷል ይባላል። እውነት ነው። ግን ፈተናው ለሥዕሉ ብቻ ማርክ ከሚሰጥ ለቆጠራውም ቢሰጥ ተማሪው ሳይወድ በግዱ ይቆጥር ነበር። ይህ ደግሞ ተጨማሪ መጽሐፍም ላቦራቶሪም አይጠይቅም።

ልመለስ ስል ወንድሜ አሲታይሊንን ስሎ መጣ። «ድምሩ 10 ነው፤ ካርቦኖቹ መሀል ሦስት መስመር ሆነብኝ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

«እስቲ ራስህ ቁጠረው» አልኩት። ጣቱን እያንቀሳቀሰ ቆጠረና «ልክ ነኝ» አለ።