ማንም የማያየው ጾም፣ ማንም የማያየው ጭስ

 

ባለፈው ሳምንት ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። ሸቀጥ ለማምጣት ከጎንደር አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። «ሼኽ፣ ሲጋራ ትቻለሁ፤ አሁን የምስበው በባትሪ የሚሠራውን ነው። ከመዳፍ ያነሰ፣ የማይሸት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ማንም የማያውቀው ዓይነት አለ ብለውኛል። ለመንገድ እሱን ብገዛ ምን ይሉኛል? እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም፤ ጾም ያፈርሳል?» አለኝ። እኔም ቁጣ ቀደመኝና «ሐራም ነው» ብዬ በአንድ ቃል ዘጋሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በማግስቱ ከሰጋጆቹ መካከል ባየው ብዬ ፈለግሁት፤ አልነበረም።

ጥያቄው ግን መልስ ይገባው ነበር። ያልጠየቁኝም ብዙዎች እንዳሉ ስለማውቅ እዚህ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ የውኃ እንፋሎት አይደለም። ባትሪው ትንሽ የብረት ጥቅል ያግላል፤ ጥቅሉ ደግሞ ኒኮቲን፣ ጣዕም ሰጪ ቅመምና ሌላ ኬሚካል የተቀላቀለበትን ፈሳሽ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለውጣል። ሰውየው የሚስበው ያንን ጠብታ ነው። በደባርቅ መንገድ የሚነሳው አቧራ ወይም ከእናቶቻችን ምድጃ የሚወጣው ጭስ ሳናስበው አፍንጫችን ቢገባ ጾማችንን አያፈርስም። ሆን ብሎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ነገር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎች ጾም ያፈርሳል ይላሉ። ሽታ መኖር አለመኖሩ ፍርዱን አይለውጠውም።

«መንገደኛ እኮ ተፈቅዶለታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አላህ ለመንገደኛ አግርቶለታል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባማ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ያለ ሰው ቢከብደው ያፈጥራል፣ ቀኑን ቆጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዷ ያወጣል። ይህ ግልጽ ፈቃድ ነው፤ መደበቅ አያስፈልገውም። በእጅጌው ሸፍኖ እየሳበ ማታ ከጾመኞች ጋር ቴምር የሚያነሳ ሰው ግን በፈቃዱ አልተጠቀመም፤ ያልጾመውን ቀን ጾምኩ ብሎ ቆጥሯል።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሶላት ይታያል፣ ዘካ ይቆጠራል፣ ሐጅ የሄደም በአገር ይታወቃል። ጾም ግን በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ምሥጢር ነው። ማንም በማያይበት ቦታ ውኃ አለመጠጣት ነው ጾምን ጾም የሚያደርገው። ያ መሣሪያ የሚወደስበት ነገርም ማንም የማያየው መሆኑ ነው። ከአዲስ ዓለም ተነስተው እስከ መተማና እስከ ምጽዋ ይነግዱ የነበሩ አባቶቻችን ትልቁ ሀብታቸው አማና ነበር፤ ባለዕቃው በሌለበት በረሃ ላይ ዕቃውን የሚጠብቅ ነጋዴ ነው የሚታመነው። ዛሬም መንገደኛ የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሆነ ሺሻ ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ከልክሏል። ስለዚህ በድብቅ የሚሸጠው ፈሳሽ ውስጥ ምን እንዳለ የመረመረ የለም። በአውሮፕላን ለሚሄድ ደግሞ ጉዳዩ የሰው ነፍስ ነው፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ መሠረት ዕቃው በጭነት ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አውሮፕላን ውስጥም መሳብና ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው። ሲንጋፖርን በመሰለ አገር ይዞ መገኘት ብቻውን ያስቀጣል።

በአንዳንድ አገር ሐኪሞች ሲጋራ ማቆም ላቃተው ትልቅ ሰው ይህን እንደ መሸጋገሪያ እንደሚፈቅዱ አውቃለሁ። ያ ግን በሐኪም ክትትል፣ በግልጽና ለመተው ተብሎ የሚደረግ ነው። ለመደበቅ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ሱሱን አይሸኝም፤ ቤት ሠርቶ ያስቀምጠዋል።

ለወጣቶቻችን የምለው ይህ ነው። በዚህ ወር በየቀኑ 13 ሰዓት ያህል ሳትስቡ ትውላላችሁ። ሱስን ማሸነፍ እንደምትችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ብታሳልፉት ይበርዳል፤ የሚከብዱትም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው። ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሰዓት ጠብቁ፤ ቀኑን ሙሉ የተገነባው የሚፈርሰው በዚያ ሰዓት ነው። ውኃ ጠጡ፣ ከሚያጨስ ጓደኛ ጋር አትቀመጡ፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። ካቃታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለእኛ ለአባቶችና ለዑለማዎችም የምለው አለኝ፤ ከራሴ እጀምራለሁ። ያ ልጅ የተደበቀውን ይዞ ወደ ብርሃን ወጥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት። ልጅ ችግሩን ሲነግረን ፊታችንን ካጠቆርን፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠይቀው እኛን ሳይሆን ሻጩን ነው። ሻጩ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊተኛው ያነሰ፣ ከፊተኛው ያልሸተተ ዕቃ አያጣም።

ልጄ፣ ይህን ካነበብክ ከተራዊሕ በኋላ በዚያው ቦታ እጠብቅሃለሁ። ዕቃውን ይዘህም ቢሆን ና፤ አልቆጣህም።

አላህ ድብቃችንንና ግልጻችንን አንድ ያድርግልን። ረመዳን ሙባረክ።