ስምንተኛው ሺህ ከገባ ስንት ዘመኑ?

የጤፍ ዋጋ ሲንር «ስምንተኛው ሺህ» ይባላል። ልጅ አባቱን ሲዘልፍ፣ ዳኛ ጉቦ ሲበላ፣ ዝናም ወቅቱን ጠብቆ ሳይጥል ሲቀር መልሱ ያው ነው። ቃሉ ከጉልት እስከ ቢሮ፣ ከጠላ ቤት እስከ መምህራን ማረፊያ ክፍል እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ተናጋሪውም አንዳች ነገር የመረመረ ያህል ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። የኔ ጠብ ከዚያ ዝምታ ጋር ነው። ለመሆኑ ይህ ሺህ የገባው መቼ ነው?

ሒሳቡ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የቀጸለ ደቀ መዝሙር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመተ ፍዳ ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ በየዓመቱ ለአራት የሚካፈለው ቁጥር ይኸው ነው። እንግዲህ ሰባቱ ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ናኦድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ጸልየው ነበር ይባላል፤ በእርግጥም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ዘመኑ ሊለወጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዐረፉ። ዓለም ግን አላለፈችም። መስከረም ጠባ፤ ዙፋኑን ልጃቸው ልብነ ድንግል ወረሱት፤ ገበሬውም ወደ ማሳው ወጣ። «ገባ፣ ገባ» እያልን የምንደነግጥለት እንግዳ የዘመኑን እኩሌታ ከቤታችን ተቀምጦ ጨርሷል!

«የኢማም አሕመድ ጦርነትስ?» የሚለኝ ተከራካሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የደረሰው ሽንፈት ከባድ ነበር። ነገር ግን የጦርነቱ መንስኤ በንግድ መንገድና በግዛት ሽኩቻ፣ ውጤቱም በሠራዊት አደረጃጀትና በጦር መሣሪያ ውስጥ ይፈለጋል እንጂ ከዓመተ ዓለም ድምር አይገኝም። ትንቢት ይቀድሞ ለነገር ይላሉ አበው። በተግባር የምናየው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰፋ ትንቢት ነው፤ ልኩ የሚወሰደው ከሞተው ሰው ላይ ነውና ሁልጊዜም ይገጥማል።

የፍካሬ ኢየሱስን ንጉሥ እንውሰድ። ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ በሰላምና በጥጋብ አርባ ዓመት ይገዛል ተብሎ ሲጠበቅ ኖረ። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ስሙን ወሰዱት። ትንቢቱ ካሣን አልወለደም፤ ካሣ ግን ትንቢቱን ዘመቱበት። በሙያዬ ቋንቋ ልናገር ከተፈቀደልኝ፣ ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ መርጠው ወደ መድረክ የወጡ ታላቅ ተዋናይ ነበሩ። መድፍ የሚያቀልጡ ባለ እጆችን በጋፋት ሲሰበስቡ ግን የመጽሐፉ ቃል ብቻውን ግንብ እንደማያፈርስ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አርባው ዓመት በአሥራ ሦስተኛው ላይ በመቅደላ አበቃ።

በእንዲህ ያለው ስሌት የተታለልን እኛ ብቻ አይደለንም። ሩሲያውያን በራሳቸው ቁጥር ሰባት ሺህ ዓመት የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ1492 ነበርና የፋሲካ ሠንጠረዣቸውን እዚያው ላይ አቁመውት ነበር፤ ቀኑ ሲያልፍ ሠንጠረዡን ቀጠሉት። የአሜሪካዊው የዊልያም ሚለር ተከታዮችም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ሰማይ ሰማዩን ሲመለከቱ ዋሉ፤ አደሩም። እነዚህ ያስቃሉ።

የማያስቀው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 በደቡብ አፍሪካ በኮሳ ሕዝብ መካከል ኖንግቃውሴ የተባለች ልጃገረድ፣ የሞቱ አባቶች አዲስ ከብትና አዲስ እህል ይዘው ስለሚነሡ ያለው ከብት ሁሉ እንዲታረድና እርሻም እንዲቆም ተናገረች። ከአውሮፓ በመጣ ከብት የገባ የሳንባ በሽታ መንጋውን እየጨረሰ ነበርና ቃሏ ሰሚ አገኘ። ወደ 400 ሺህ ከብት ታረደ። በየካቲት 1857 ቀልታ ትወጣለች የተባለችው ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች፤ እንደ ወትሮዋም ገባች። 40 ሺህ ያህል ሰው በረሃብ አለቀ፤ የተረፈው ጉልበቱን ሊሸጥ ወደ ሰፋሪዎቹ እርሻ ተሰደደ፤ ጆርጅ ግሬይ የተባለው የእንግሊዝ ገዥም መሬቱን ለሰፋሪዎች አከፋፈለው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ፣ ዓለም ሳታልፍ በጾም ወደ ሰማይ እንሄዳለን ካሉ ሰዎች መቃብር ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ከነዚህ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። ወንጌሉ ራሱ ቀኑንና ሰዓቱን ከሰው እውቀት ውጭ እንዳደረገው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሊነግራቸው በቻለ ነበር።

ወደ ራሳችን ክፉ ቀን እንመለስ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙን እንደ ጨረሰ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ሞፈሩን ሰቀለ፤ ድርቁና አንበጣው ተከተሉ። ይህን መዓት የምጽአት ምልክት ያላለ ጥቂት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ምሕላ ቢያስይዙም በዚያ ብቻ አልቆሙም፤ በሬ ባይኖርም መሬት በእጅ እንደሚታረስ ለማሳየት ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቆፈሩ። የዚያ «ምልክት» መጨረሻ ምን ሆነ? የእንስሳት ሐኪሞች በክትባት አሳደዱት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። ምልክት ተብሎ የተፈራው ነገር ቫይረስ ነበር።

የወሎው ረሃብ ግን በሽታ እንኳ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. ሰማዩ ዝናም መከልከሉ እውነት ነው። ሆኖም ወገን እየረገፈ ሳለ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል አልናረም፤ ገበሬው ምርቱን አጥቶ መግዣ አልነበረውምና። እንዲያውም እህል በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። በዚያን ሰዓት «የመጨረሻው ዘመን ነው» ያለ ሰው ለማን ጠበቃ እንደ ቆመ አንባቢ ይፍረድ። ቁጣው የሰማይ ከሆነ ጎተራውን የቆለፈ፣ ወሬውንም የደበቀ ሹም ምን በወጣው ይጠየቃል?

ይህን የምጽፈው በዋነኛነት ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። መምህሩ በጂኦግራፊ ሰዓት የዝናም ስርጭትን አስተምሮ በዕረፍት ሰዓት ከተማሪው ጋር ዘመኑን ሲያማርር ደብተሩን በገዛ እጁ ይቀድደዋል። ካድሬውም የሥራ ጉድለት ሲጠየቅ «ጊዜው ከፍቷል» ማለት ይቀናዋል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የመድረኩ ነው። መጋረጃው ሲከፈት መቋሚያውን ተደግፎ፣ ፀጉሩን አንጨባሮ «ወየው ለዚህ ትውልድ!» የሚል ባሕታዊ የማይታይበት የረሃብ ተውኔት ስንት አለን? ለተዋናዩ ምቹ ነው፤ ድምፅ ያስወጣል፤ ጭብጨባም አያጣም። ደራሲውንም ከጥናት ያሳርፈዋል። ባሕታዊው ይቅር አልልም፤ በየአድባራቱ ደጃፍ አለና በመድረክም ይኑር። ግን ንግግሩን ሲጨርስ መብራቱ አብሮት አይጥፋ፤ ጎተራ ዘጊውና ሚዛን ያዡም ተራቸውን ይናገሩ። በእነዚህ ዓመታት በርካታ ባሕታውያንን በመድረክ አይቻለሁ፤ ከደሴ እህል ጭኖ የወጣውን መኪና ሾፌር ግን አንድ ጊዜም አላየሁትም።